ሻርኩ፣ ሞሱና የጎንደር ጀሪካን

ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ሻርክ መጻፍ ምን ይባላል? “ወሬ ጠፋና!” የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ታገሱኝ። ዛሬ ሁለት ፍጥረታትን ላወዳድርላችሁ ነው። አንደኛው በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖር ሻርክ ነው። ሁለተኛው ክረምት በመጣ ቁጥር በየግንባችን ሥር አረንጓዴ ሆኖ ብቅ የሚለው፣ ረግጠነው የምናልፈው ሞስ ነው። “ማን ያሸንፋል?” የሚል ጨዋታ አይደለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከተጎዱ በኋላ የትኛው ይመለሳል? የዚህ ጥያቄ መልስ ከሰሜን ተራሮች ዋልያ ተነስቶ በየቤታችን እስከተደረደረው ቢጫ ጀሪካን ድረስ ይመጣል።

በሻርኩ እንጀምር።

የግሪንላንድ ሻርክ ይባላል። ርዝመቱ አምስት ሜትር ይደርሳል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይጠልቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ እኛ ከባሕር በላይ የወጣነውን ያህል እሱ ከባሕር በታች ይወርዳል ማለት ነው። ታዲያ በፊልም የምታውቁትን ሻርክ እንዳታስቡ። ይሄኛው በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከፒያሳ ጠዋት ቢነሳ አዘዞ የሚደርሰው ማታ ነው። በዓመት የሚያድገው ደግሞ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ነው።

ዓለምን ያስገረመው ግን ዕድሜው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ዩሊየስ ኒልሰን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ ጥናት አወጣ። የ28 ሴት ሻርኮችን ዓይን ነበር የመረመሩት። የዓይን ሌንስ እምብርት ፅንሱ ገና ሳይወለድ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ በውስጡ ያለውን የካርቦን መጠን ለክቶ የትውልድ ዘመንን መገመት ይቻላል። የትልቋ ሻርክ ዕድሜ 392 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 120 ዓመት ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

ይህንን ቁጥር ወደ ጎንደር ታሪክ እንመንዝረው። መካከለኛውን ግምት ብንወስድ ይህቺ ሻርክ የተወለደችው አፄ ፋሲል ከመንገሣቸው በፊት ነው። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ እሷ ባሕር ውስጥ ነበረች። ዝቅተኛውን ግምት ብንወስድ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ተወልዳለች፤ ከፍተኛውን ብንወስድ ደግሞ በአፄ ናዖድ ዘመን። ከናዖድ እስከ ምንትዋብ ባለው ጊዜ ውስጥ መቼም ትወለድ መቼ፣ ዘመነ መሳፍንት መጥቶ ሲሄድ፣ ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ ጣሊያን ገብቶ ሲወጣ እሷ ያው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትሯን ትዋኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው 150 ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1868 (እ.ኤ.አ.) የተወለደች ሻርክ እናት ለመሆን የደረሰችው ገና አሁን በኛ ዘመን ነው። ሰዎች ይህንን ዓሣ ለጉበቱ ዘይት ሲሉ ለረጅም ዘመን አድነውታል። ለመብራትና ለማሽን የሚሆን ዘይት ነበር። ጣሊያን ጎንደር ላይ በነበረበት ጊዜ የተገደለች አንዲት እናት ሻርክ ካለች፣ በዚያው ዓመት የተወለደችው ተተኪዋ እስከ ዛሬ ለመውለድ አልደረሰችም። አዳኞቹ ሁሉ ሞተዋል፤ ዘይቱ ነድዶ አልቋል፤ የጎደለው ቦታ ግን እስካሁን አልተሞላም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑ ፍጥረታት ተርታ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ሞሱ።

“ሞስ” የሚለው ቃል ባዕድ ከሆነባችሁ፣ ታላላቆቻችን ድንጋይና ግንድ ላይ የሚወጣውን ይህን ዓይነት ነገር ሁሉ ሽበት ይሉታል። የድንጋይ ሽበት፣ የዛፍ ሽበት። ሳይንሱ ግን ለያይቶታል። ሰሜን ተራሮች ላይ ከአስታ ዛፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ላይከን ነው። ሞስ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕፅ ነው፤ ቅጠል አለው፣ ግን ሥር የለውም፣ አያብብም፣ ፍሬ አያፈራም።

ለውድድራችን አንዱን ዝርያ ልምረጥ። ሳይንሳዊ ስሙ ብርየም አርጀንቲየም ነው፤ እኛ “ብርማው ሞስ” እንበለው። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ከሩቅ ብር መስሎ ያብለጨልጫል። ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። በሁሉም አህጉር አለ፣ አንታርክቲካም ሳይቀር። የከተማ ልጅ ነው፦ በድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ፣ በጣሪያ፣ በአሮጌ ግንብ ላይ ይኖራል። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቁ ቆማችሁበት ይሆናል።

የሞስ ጉብዝናው ምን መሰላችሁ? መሞት መምሰል ይችልበታል። በጋ ሲመጣ ይደርቃል፤ ይጨማደዳል፤ ቡናማ ሆኖ እንደ አቧራ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ግን ሥር መጠበቅ የለበትምና በቅጠሉ ራሱ ጠጥቶ ያንሰራራል። ቢቆራረጥም ግድ የለውም። በጫማ የተወሰደች ቁራጭ ሌላ ቦታ ወድቃ አዲስ ሞስ ትሆናለች። አንድ የሩቅ ዘመዱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ አቅራቢያ ከምትገኘው የሲግኒ ደሴት ከ1,500 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ሞስ አወጡ። ብርሃንና ሙቀት ሰጡት፤ በሳምንታት ውስጥ አቆጠቆጠ። ካሌብ አክሱም ላይ ከመንገሣቸው በፊት የተኛ ዕፅ እኛ ዘመን ላይ ነቃ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ዝም ያሉ፣ ሁለቱም ከኛ ቤተ መንግሥቶች ጋር ዕድሜ የሚቆጥሩ ናቸው። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አላቸው። ሞስ ይቅር ባይ ነው። ረግጠኸው፣ አድርቀኸው፣ ቆራርጠኸው ትሄዳለህ፤ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ሻርኩ ይቅር አይልም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጊዜው ስለማይበቃው ነው። በአንድ ቀን የተወሰደበትን ለመመለስ 150 ዓመት ያስፈልገዋል። ያንን ያህል ደግሞ ማንም አይጠብቀውም።

የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እኛ ተራራችንን የምናየው ሁሉንም ነገር እንደ ሞስ አድርገን ነው። “ዝናብ ሲመጣ ይለመልማል!” የምትለዋን አባባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይለመልማል። ተራራው ላይ ግን ሻርኮችም አሉን። ሞሱን ከሻርኩ ካልለየን፣ የዳነውን እያየን ያለቀውን እንረሳለን።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል አገር ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ማኅበራዊ ሚዲያው በጭስ ፎቶ ተሞላ። የአካባቢው ገበሬና ወጣት በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲታገል ሰነበተ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ እሳቱ ጠፋ፤ ዜናውም አብሮት ጠፋ። ክረምት ገባ፤ ሣር በዝናብ መለምለሙ ያለ ነገር ነው። ሣሩ የሞስ ወገን ነው። አስታው ግን? አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ዛፍ ለመሆን ግን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ፎቶ ላይ ልዩነታቸው አይታይም።

ዋልያን ተመልከቱ። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፤ ቢራ በስሙ ተጠምቋል። በዱር የሚኖረው ግን በዓለም ላይ እዚህ ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። እዚህ ካለቀ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ የለውም። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጀበት። “ዳነ!” ተብሎ ደስ አለን። ከዚያስ? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ጥበቃው ተዳከመ፤ የዋልያ ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊዎች ራሳቸው ተናገሩ። 21 ዓመት የተለፋበት ነገር በጥቂት ዓመት ይሸረሸራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን ታፍሶ የማይለቀም ነው።

ትልቁ ሻርካችን ግን ዋልያም አይደለም። ጥርስ የለውም፣ ቀንድ የለውም፣ ማሊያ ላይ አይታተምም። አፈር ነው።

አትሳቁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሻርኩ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል ስል ዘገምተኛ መስሏችሁ ነበር አይደል? ከአፈር ጋር ሲወዳደር እኮ ሯጭ ነው! ይህ የ1,000 ዓመት ሥራ በቁልቁለት ላይ፣ ሣሩ የተነሳለት ማሳ ላይ ሐምሌ ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል። ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊዘርላንድ የመልክዓ ምድር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ኃላፊ ነበር። እንስሳት ሊጠብቅ የመጣው ሰው ዓይኑ አፈሩ ላይ አረፈ፤ መሸርሸሩን አጠና፤ በ1981 ደግሞ በኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እንዲጀመር አደረገ። ዋልያውም ጭላዳውም ገበሬውም በአንድ ስስ አፈር ላይ እንደቆሙ የተረዳ ሰው ነበር።

“እሺ፣ ይሄ ሁሉ ለኔ ለከተሜው ምኔ ነው?” ካላችሁ ወደ ጀሪካኑ እንምጣ። የሰሜን ተራሮች ጎርፍ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው፤ እሱ ወደ ቧንቧችን አይመጣም። ከጎንደር በላይ ያሉት የወገራ ጋራዎች ግን ወደኛ ነው የሚያፈሱት፤ ወደ አንገረብና ወደ መገጭ። የአንገረብ ግድብ ለዓመታት የጎንደር ዋና የውሃ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። የግድቡ ደመኛ ደግሞ ደለል ነው። ደለል ማለት ምንድን ነው? ከላይ ካለው ገበሬ ማሳ የሄደው ያ የ1,000 ዓመት አፈር ነው። ጋራው ላይ ሲጎድል ግድቡ ውስጥ ይሞላል፤ ግድቡ ውስጥ አፈር በሞላ ቁጥር ለውሃ የሚሆነው ቦታ ያንሳል። በሌሊት ተነስታ ቧንቧ የምትጠብቅ የጎንደር እናት ሰልፍ ላይ የቆመችው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለከተማው መስፋትና ለሌላውም ድርሻውን ስጡት፤ ከሰልፉ በስተጀርባ ግን ቀስ ብሎ የወረደ ጋራ አለ።

አሁን ደግሞ ወደራሴ ሙያ። ጋዜጠኝነት ስንማር የምንሰማት አንዲት ያረጀች ምሳሌ አለች፦ ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው። ዜና ማለት ድንገተኛ፣ ያልተለመደና ዛሬ የሆነ ነገር ነው ማለት ነው። በዚህ ሚዛን እሳት ዜና ነው። ግድብ መመረቅ ዜና ነው። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል የዓለም ዜና ሆነ። ለ1,000 ዓመት የተጠራቀመ አፈር በየክረምቱ በስሱ እየተላጠ መሄዱ ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። ምክንያቱም ዛሬ አልሆነም፤ ሁልጊዜ ነው የሚሆነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን የምንተርተው ለበጎ ነገር ነው፤ ጥፋትም እንዲሁ በእግሩ እንደሚሄድ ግን እንረሳለን።

ስለ ችግኙ አንድ ነገር ልበል። መትከል ጥሩ ነው። ነገር ግን የተተከለ እንጂ የጸደቀ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ሻርክን በሞስ እንደመተካት ይሆናል። ችግኝ በአንድ ቀን ይተከላል፤ አፈር በአንድ ቀን አይተከልም። ስለዚህ ክብሬ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ካሜራ ሳይከተለው ጋራ ወጥቶ እርከን ለሚሠራው፣ ድንጋይ ለሚክበው ገበሬ ይበልጣል። እሱ አዲስ ነገር እፈጥራለሁ አላለም፤ ያለው እንዳይሄድ ነው የሚይዘው። ሻርክ የሚጠበቀው እንደዚህ ነው፤ በመተካት ሳይሆን ባለመግደል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ቁጣ አለ። “ሰው ተቸግሮ፣ ጦርነት ላይ ሆነን ስለ አፈርና ስለ ዋልያ ታወሪያለሽ?” የሚል። ጥያቄውን አከብራለሁ። ጃናሞራ ወይም በየዳ ላይ በቁልቁለት ገብስ የሚዘራው ገበሬ መሬቱን ጠልቶ አይደለም የሚያርሰው፤ ሌላ ስለሌለው ነው። እሱን እንደ ጠላት የሚያይ የተፈጥሮ ወዳጅነት ከኔ ይራቅ። እንዲያውም የሻርኩና የሞሱ ነገር ሰውንም ይመለከታል። በ2008 ዓ.ም. ፓርኩ ውስጥ የነበሩ የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ ቤተሰቦች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ። ለፓርኩ ሣር መልካም ነበር። የሰው ኑሮ ግን ሞስ አይደለም። ከአንድ ቦታ ቆርጠህ ሌላ ቦታ ስትጥለው ዝናብ ጠብቆ አያቆጠቁጥም። ጉርብትናው፣ ዕድሩ፣ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚዘራ የሚያውቀው እውቀቱ ትውልድ በትውልድ የተጠራቀመ ነው። አሁንም በጦርነቱ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ስንት ወገኖች አሉ! “ሰላም ሲሆን ይመለሳሉ” ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰው ይመለስ ይሆናል፤ የፈረሰ መንደር ግን በቀጠሮ አይመለስም። ስለዚህ ሰውና አፈር የሚፎካከሩ አጀንዳዎች ናቸው የሚል ክርክር አይገባኝም። ሁለቱም በዝግታ የተሠሩ፣ በፍጥነት የሚፈርሱ ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ከናንተ፣ ከእኩዮቼ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ከእንግዲህ “አገገመ”፣ “ለመለመ”፣ “ታደሰ” የሚል ዜና ስትሰሙ ምኑ ብላችሁ ጠይቁ። ያገገመው ሣሩ ነው ወይስ አፈሩ? ለመሠራት ስንት ዓመት ፈጅቶ ነበር? በስንት ጊዜ ጠፋ? የሚመለስ ከሆነስ እስኪመለስ ማን ይጠብቀዋል? የዜና ክፍል ውስጥ ያላችሁ ጓደኞቼ ደግሞ የእሳቱ ዜና ካለቀ ከአንድ ዓመት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ጻፉ። የግድቡን ምረቃ ስትዘግቡ ከግድቡ በላይ ያለውን ጋራም ውጡና እዩት። አለቃችሁ “ዜናው የታለ?” ቢላችሁ የዓመቱን ደለል አሳዩት።

ክረምት መጥቷልና ነገ ጠዋት በየግንቡ ሥር ብርማው ሞስ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደስ ይበላችሁ፤ ማንም ሳያግዘው ተመልሷል። ከአጠገቡ በቦዩ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ ግን ደግሞ እዩት። እሱ የሚወስደው ነገር ተመልሶ አይመጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንላለን፤ ውሃስ እንኳ ተን ሆኖ፣ ደመና ሆኖ ይመለሳል። የማይታፈሰው አብሮት የሚሄደው አፈር ነው።

ቸር እንሰንብት!